አምስት ካተሪናዎች፦ የሴት ስም በታሪክ መዝገብ እንዴት ይቀራል?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ስም ነው። ስሙ ካተሪና ይባላል። በጣልያን አገር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ለሴት ልጅ ሲወጣ የኖረ፣ በቤተ መንግሥትም በገበሬ ቤትም የሚጠራ ስም ነው። በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል አምስቱን መርጬ አቀርብላችኋለሁ። አንዷ የጨርቅ ቀለም ነካሪ ልጅ ናት፤ አንዷ የደሴት ንግሥት፤ አንዷ ምሽግ ይዛ የተዋጋች ባለግዛት፤ አንዷ የሦስት ነገሥታት እናት። አምስተኛዋ ማን እንደወለዳት እንኳ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ድሃ ሴት ናት። የእሷን ልጅ ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው።

እነዚህን አምስት ሴቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩበት ምክንያት አለኝ። ከ500 እና ከ600 ዓመት በኋላ ስለ አንዲት ሴት የምናውቀውን ነገር እንዴት ልናውቀው ቻልን? ማን ጻፈው? ለምን ጉዳይ ጻፈው? የሴት ልጅ ታሪክ የሚተርፈው ሥራዋ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ሰው በአንድ ምክንያት ስሟን ወረቀት ላይ ስላሰፈረው ነው። ያ ምክንያት ምን እንደነበር መመርመር ደግሞ ዘመኑ ለሴት የሰጠውን ቦታ ያሳየናል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ጣልያን የገባው ከምሥራቅ ነው። በግብጽ እስክንድርያ በሰማዕትነት እንዳረፈች የምትታመነው ቅድስት ካተሪና በደብረ ሲና ገዳም ትታሰባለች። ተሳላሚዎችና መስቀል ጦረኞች ዝናዋን ወደ ምዕራብ ይዘው ሄዱ። በትውፊቷ ላይ ቅድስቲቱ ፈላስፎችን ተከራክራ የረታች የተማረች ልጃገረድ ናት። የጣልያን ወላጆች ይህንን ስም ለሴት ልጆቻቸው ሲያወጡ የተናጋሪዋን፣ የማትሸነፈዋን ስም እያወጡላቸው ነበር። ልጃገረዶቹ ግን ሲያድጉ ሌላው የመደበላቸው ኑሮ ጠበቃቸው፦ አባት የሚወስነው ጋብቻ፣ ከተማው የሚዋዋልበት ጋብቻ፣ አንዳንዴም የጌታ ትእዛዝ።

የመጀመሪያዋ ካተሪና በ1347 በሲዬና ከተማ ተወለደች። አባቷ ያኮፖ ቤኒንካዛ ጨርቅ በቀለም እየነከረ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። እናቷ ላፓ ከ20 በላይ ልጆች ወልዳለች፤ ካተሪና ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። በተወለደች በዓመቷ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን አጠቃ። ልጅቷ አድጋ ወላጆቿ ሊድሯት ሲያስቡ ጸጉሯን ቆርጣ አላገባም አለች። ገዳምም አልገባችም። በየቤታቸው እየኖሩ የዶሚኒካንን ሥርዓት ከሚከተሉ ሴቶች ማኅበር ገብታ በሽተኛ ማስታመም፣ እስረኛ መጠየቅ ጀመረች።

ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ማንበብ የተማረችው በኋላ ነው። ደብዳቤዎቿን እሷ በቃል ትናገራለች፣ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። ዛሬ 380 ገደማ ደብዳቤዎቿ በእጃችን አሉ። ለጳጳስ፣ ለንግሥት፣ ለቅጥረኛ ጦር አዛዥ፣ ለመነኩሲት፣ ለገዛ እናቷ የተላኩ ናቸው። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በሲዬና ሞት የተፈረደበት አንድ የፔሩጂያ ወጣት ነበር። ካተሪና እስር ቤት ሄዳ አጽናናችው፤ ቆረበ። በመገደያው ቀን ቀድማው ከቦታው ደረሰች። ሲመጣ አንገቱን በእንጨቱ ላይ እንዲያሳርፍ ረዳችው፣ የክርስቶስን ደም አሳሰበችው፣ ራሱ ሲቆረጥ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ልብሷ ላይ የፈሰሰውን ደም ማጠብ እንዳልወደደች ለንስሐ አባቷ ለራይሞንዶ ነግራዋለች። ይህ ሁሉ በደብዳቤው ውስጥ አለ። የ28 ዓመት ገደማ ሴት፣ ከመንግሥት ሥልጣን የሌላት፣ አንድን ሰው በመጨረሻ ሰዓቱ ብቻውን አልተወችውም።

በዚያን ጊዜ የሮማ ጳጳሳት ከ1309 ጀምሮ መንበራቸውን ዛሬ በፈረንሳይ ውስጥ ባለችው በአቪኞን አድርገው ነበር። ካተሪና በ1376 አቪኞን ድረስ ሄዳ ጎርጎርዮስ 11ኛን ወደ ሮም እንዲመለሱ ለመነች፣ ገሠጸች፣ አበረታታች። ጳጳሱ በጥር 1377 ሮም ገቡ። ይህ የእሷ ሥራ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ በጣልያን ያሉት የጳጳሱ ግዛቶች እያመፁ ስለነበር መመለሱ የግድ እየሆነ መጥቶ ነበር። የቀለም ነካሪ ልጅ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የምትደመጥ ድምፅ ሆናለች። በ1380 በ33 ዓመቷ በሮም ዐረፈች። በ1461 ቅድስት ተባለች። በ1970 የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን መምህርት ብላ ሰየመቻት፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህን ማዕረግ ያገኘች ሴት አልነበረችም፤ እሷና የስፔኗ ቴሬዛ በአንድ ሳምንት ልዩነት የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። የተነገረው ቃል ባይጻፍ ኖሮ ለዚህ ማዕረግ የሚቀርብ ምንም ነገር አይኖርም ነበር። መምህርት ያሰኛት ጽሑፏ ነውና።

ሁለተኛዋ ካተሪና ኮርናሮ ናት። በ1454 በቬኒስ ከባለጸጋ ቤት ተወለደች። በ14 ዓመቷ ገደማ ለቆጵሮስ ንጉሥ ለያዕቆብ 2ኛ በእንደራሴ ተዳረች። የቬኒስ መንግሥት የሪፐብሊኳ ልጅ ብሎ ሰየማት። ክብር ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን ንጉሡ ያለ ወራሽ ቢሞት ቬኒስ በልጇ ስም ደሴቲቱን ለመጠየቅ እንድትችል ነበር። በ1472 ባሏ ዘንድ ደረሰች። በዓመቱ ባሏ ሞተ፤ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደች። ብዙ ሳይቆይ ሴረኞች ቤተ መንግሥቷ ገብተው አጎቷን ገደሉባት። ሕፃኑ ንጉሥ ዓመት ሲሞላው ሞተ። ንግሥቲቱ 15 ዓመት ያህል በዙፋን ተቀመጠች፤ ሥልጣኑ ግን በቬኒስ ሹማምንት እጅ ነበር። በ1489 ገዛ ወንድሟ ጆርጆ ተልኮ ዘውዷን ለቬኒስ እንድታስረክብ አስገደዳት። በምትኩ አዞሎ የምትባል ትንሽ ከተማ ተሰጣት፤ እዚያም ጸሐፊዎችና ሙዚቀኞች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ከፈተች። ፒዬትሮ ቤምቦ በ1505 ያሳተመው ስለ ፍቅር የሚያወራ መጽሐፍ ቦታውን በዚያ አዳራሽ ያደረገ ነው። በ1510 ሞተች።

ዛሬ በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ ቬኒስ በታላቁ ቦይ ላይ የጀልባ ሰልፍ ታደርጋለች። ሰልፉ የሚያስታውሰው ካተሪና ዘውዷን አስረክባ ስትመለስ የተደረገላትን አቀባበል ነው። ከተማዋ የመዘገበችው የራሷን ደስታ ነው። ባሏን፣ ልጇንና አገሯን በተከታታይ ያጣችው ሴት ያን ቀን በልቧ ምን እንደነበራት ከሰልፉ ልናነበው አንችልም። ስለ ሴት የተጻፈ ነገር ሁሉ የሴቲቱ ቃል አለመሆኑን ከካተሪና ኮርናሮ እንማራለን።

ሦስተኛዋ ካተሪና ስፎርዛ ናት። የሚላኑ መስፍን ጋሌያጾ ማሪያ ከጋብቻ ውጭ የወለዳት ልጅ ስትሆን፣ የተወለደችው በ1463 ገደማ ነው። ገና በልጅነቷ የሊቀ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ የእኅት ልጅ ለሆነው ለጂሮላሞ ሪያሪዮ ታጭታ ተሰጠች። የሲክስቶስ ዘመን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1481 የኢትዮጵያ ልዑካን ሮም ሲገቡ የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለችው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በእሳቸው ዘመን የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆናለች። ካተሪና በዚያው ዘመን የሮም ኗሪ ነበረች።

በነሐሴ 1484 ሲክስቶስ ሲሞቱ ሮም ታወከች። ካተሪና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በፈረስ ገሥግሣ ሳንታንጄሎ የተባለውን ታላቁን ምሽግ ያዘች፤ ለ12 ቀናት ያህልም አልለቅም አለች። በ1488 ባሏን በሚገዛት በፎርሊ ከተማ ሴረኞች ገደሉት፤ እሷና ልጆቿ ተያዙ። የከተማዋ ምሽግ አዛዥ ግን እጁን አልሰጠም። ካተሪና ገብቼ ላግባባው ብላ ገዳዮቹን አሳመነች። ገባች፤ በሩን አዘጋችባቸው። ልጆችሽን እንገድላለን አሏት። እሷ አልወጣችም። የፍሎረንሱ የፖለቲካ ጸሐፊ ማኪያቬሊ የሰጠችውን መልስ አድምቆ ስለጻፈው ታሪኩ እስከ ዛሬ ይወራል። ከጽሑፉ ድምቀት ባሻገር እርግጡ ነገር ይህ ነው፦ ከሚላን ጦር እስኪደርስ ጠበቀች፣ ከተማዋን መልሳ ያዘች፣ ልጆቿም ተረፉ። ማኪያቬሊ ራሱ በ1499 የፍሎረንስ መልእክተኛ ሆኖ ፊቷ ቀርቧል።

ይህችን ሴት ጀግና ብቻ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም። ሁለተኛ ባሏ በ1495 ሲገደል የበቀለችው በገዳዮቹ ብቻ አልነበረም፤ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ጠፍተዋል። የዘመኑን የመሳፍንት ጭካኔ እሷም ይዛዋለች። በጥር 1500 የጳጳሱ የእስክንድር 6ኛ ልጅ ቼዛሬ ቦርጃ ምሽጓን በመድፍ ደረመሰ። ከተማዋን አጥታ በሮም ታሰረች፤ ከዓመት በላይ ቆይታ ተፈታች፤ በ1509 በፍሎረንስ ሞተች። ከሦስተኛ ጋብቻዋ የወለደችው ልጅ የጦር መሪ ሆነ፤ የልጅ ልጇ ኮዚሞ የቶስካና ታላቅ መስፍን ሆኖ ነገሠ።

ከካተሪና ስፎርዛ የቀረ ሌላ ነገርም አለ። ከ400 በላይ ቅመማዎችን የያዘ ስብስብ ነው። የትኩሳት መድኃኒት፣ የፊት ማጠቢያ፣ የጸጉር ማቅለሚያ፣ መርዝም፣ ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ የሚሞከር ቅመማም አለበት። የጦር ታሪኳን ወንዶች ጽፈውታል። በቤቷ ጓዳ ዕፅዋት ስትቀምም፣ ስትመዝንና ስታጣራ የዋለችውን ሴት የምናገኛት በዚህ ስብስብ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ ነው ሙሉ ሰው የምትታየኝ።

አራተኛዋ ካተሪና ደ ሜዲቺ ናት። በሚያዝያ 1519 በፍሎረንስ ተወለደች፤ በወር ያህል ጊዜ ውስጥ እናቷም አባቷም ሞቱ። የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ፍሎረንስ የሜዲቺን ቤት አባርራ ስትከበብ፣ ልጅቷ በገዳማት ውስጥ እንደ መያዣ ተጠብቃ ቆየች። በ1533 ዘመዷ የሆኑት ጳጳስ ቀሌምንጦስ 7ኛ በማርሴይ ለፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ለሄንሪ ዳሯት። ሁለቱም 14 ዓመታቸው ነበር። በዓመቱ ጳጳሱ ሞቱ፤ ጋብቻው የተመሠረተበት የፖለቲካ ጥቅምም አብሮ ጠፋ። አሥር ዓመት መካን ተባለች፤ ባሏ ሌላ ሴት ወድዶ በፊቷ አከበረ። ከዚያ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ልጆች ወለደች። በ1559 ባሏ በፈረስ ላይ የጦር ግጥሚያ ቆስሎ ሲሞት፣ ሦስት ልጆቿ በየተራ ነገሡ፤ እሷም በእነሱ ስም ለ30 ዓመት ያህል በፈረንሳይ ጉዳይ እጇን አስገባች።

ፈረንሳይ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ጦርነት ትታመስ ነበር። በጥር 1562 ፕሮቴስታንቶች ከከተማ ቅጥር ውጭ በነጻነት እንዲያመልኩ የሚፈቅድ ዐዋጅ በእሷ አስተዳደር ወጣ። በነሐሴ 1572 ደግሞ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት በፓሪስ የጀመረው ጭፍጨፋ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቴስታንቶችን ፈጀ። የእሷ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የታሪክ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከደሙ ንጹሕ ናት የሚል ግን ጥቂት ነው። ጠላቶቿ መርዘኛ ጣልያናዊት፣ ጠንቋይ እያሉ ጻፉባት። ኋላም የምግብ ታሪክ ወዳጆች የጣልያንን ወጥ ቤቶች ለፈረንሳይ ያመጣች እሷ ናት አሉ፤ ለዚህ ከዘመኗ የተገኘ ማስረጃ የለም። ስለ አንዲት ሴት መጥፎውም ደጉም ተረት በዚህ መልክ ይቆለላል። ተረቱን ለመፈተን የሚያስችለን የራሷ ደብዳቤዎች መትረፋቸው ነው፤ ታትመው 10 ትላልቅ ቅጽ ሞልተዋል። እዚያ ውስጥ ስለ ልጆቿ ሕመም የምትጨነቅ፣ መኳንንትን የምታባብል፣ ገንዘብ የምትለምን፣ ሰላም ለመዋዋል በእርጅናዋ በየአገሩ የምትዞር ሴት እናገኛለን። ፍርዳችን ይቀልላት ማለቴ አይደለም፤ ለመፍረድ ቃሏን መስማት ያስፈልጋል ማለቴ ነው።

አሁን አምስተኛዋ ላይ ደርሰናል። ንግግሬን ያዘጋጀሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ሊዮናርዶ በሚያዝያ 15 ቀን 1452 ተወለደ። አያቱ አንቶኒዮ የልጅ ልጁን መወለድ በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ዕለቱን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ያጠመቀውን ቄስ ስም ጻፈ፣ በክርስትናው የተገኙትን ሰዎች በስም ዘረዘረ። የሕፃኑ አባት የራሱ ልጅ ፒዬሮ እንደሆነም ጻፈ። የወለደችውን ሴት ግን አልጠቀሳትም። ምጥ ላይ የነበረችው ሴት ከራሷ ልጅ መወለጃ ማስታወሻ ውስጥ ቀረች።

ስሟ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ግብር ነው። በ1457 አያቱ ለፍሎረንስ መንግሥት የቤተሰቡን ሀብትና ነፍስ ሲያስመዘግብ፣ በቤቴ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አለ፤ ከጋብቻ ውጭ ከፒዬሮና ከካተሪና የተወለደ ነው፤ እሷ አሁን አካታብሪጋ የተባለ ሰው ሚስት ናት ሲል አስታወቀ። የሚመገብ አፍ በበዛ ቁጥር ግብር ስለሚቀንስ ልጁ መጠቀስ ነበረበት፤ ልጁ ሲጠቀስ እናቱም ተጠቀሰች።

ማን ነበረች? አንዳንድ ተመራማሪዎች የሊዮናርዶ የትውልድ ቦታ የሆነችው የቪንቺ አካባቢ ወላጅ አልባ የገበሬ ልጅ ናት ይላሉ። በ2023 ደግሞ ካርሎ ቬቼ የተባሉት የናፖሊ ምሁር ሌላ ሰነድ አቀረቡ። ሰነዱ ሊዮናርዶ በተወለደ በጥቂት ወራት፣ በኅዳር 2 ቀን 1452 በፍሎረንስ የተጻፈ የነጻነት ወረቀት ነው። ጂኔቭራ የምትባል እመቤት ካተሪና የምትባል፣ ከካውካሰስ ከቼርኬስ አገር የመጣች ባሪያዋን ነጻ ታወጣለች። ወረቀቱን የጻፈው ውል ጸሐፊ የሊዮናርዶ አባት ፒዬሮ ነው። ቬቼ ይህች ካተሪና የሊዮናርዶ እናት ናት ይላሉ፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ክርክሩ የትም ይድረስ፣ ሰነዱ አንድ እውነት ይነግረናል። ጥቁር ሞት ሕዝቧን ከፈጀ በኋላ ፍሎረንስ በ1363 ክርስቲያን ያልሆኑ ባሪያዎች እንዲገቡ ፈቀደች። አብዛኞቹ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ በጄኖቫና በቬኒስ ነጋዴዎች የሚመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ሲጠመቁ የወላጆቻቸው ስም ይቀርና አዲስ ስም ይወጣላቸዋል፤ ካተሪና ከሚወጡት ስሞች አንዱ ነበር። ለሲዬናዋ ቅድስትና ለፈረንሳይዋ ንግሥት ከአባትና ከእናት የተሰጠው ስም፣ ለእነዚህ ልጆች ከገዛቸው ሰው የመጣ ነው። የሚያማምሩ ሥዕሎችና ሕንፃዎች በተሠሩበት ዘመን፣ በዚያው ከተማ ወጥ ቤት ውስጥ የእነሱ ድካም ነበር። ዘመኑን ስናደንቅ እነሱን መርሳት የለብንም።

ካተሪና እንደገና የምትገኘው በልጇ ማስታወሻ ነው። ሊዮናርዶ ሚላን ሳለ በሐምሌ 16 ቀን 1493 ካተሪና መጣች ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ የቀብር ወጪ ዘረዘረ። ሰም 27 ሶልዲ (የዘመኑ ሳንቲም ነው)፤ ቃሬዛ 8፤ ቃሬዛውን የሚሸፍን ጨርቅ 12፤ ተሸካሚዎች 8፤ አራት ቄሶችና አራት ዲያቆናት 20፤ መቃብር ቆፋሪዎች 16። ከዚያ በፊት ለሐኪም 5፣ ለስኳርና ለሻማ 12 ከፍሏል። ሌሎች ጥቃቅን ወጪዎች ተጨምረው በድምሩ 123 ሶልዲ። ብዙዎቹ ምሁራን ይህች ካተሪና እናቱ እንደሆነች ያምናሉ። እናቴ የሚል ቃል በዝርዝሩ ላይ የለም፤ የሐዘን ቃልም የለም። የተከፈለው ግን ለጌጥ አይደለም። ሐኪም ተጠርቷል፣ ስኳር ተገዝቷል፤ ስኳር በዚያ ዘመን ውድ ነበር፣ ለበሽተኛም ይሰጥ ነበር። ስምንት አገልጋዮች ቆመው ጸልየዋል። ይህች ሴት በ40 ዓመት ውስጥ በግብር መዝገብ፣ በአጭር ማስታወሻና በቀብር ሂሳብ ብቅ ብላ ታለፈች።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አምስቱን ስናነጻጽራቸው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ቃሏን ያስጻፈችው የሲዬናዋ ካተሪና ድምፇ እስከ ዛሬ ይሰማል። የቆጵሮሷ ንግሥት ሌሎች በጻፉላት ክብር ውስጥ ተሸፍናለች። ስፎርዛና ሜዲቺ ጠላትም ወዳጅም የጻፈባቸውን በራሳቸው ወረቀት ልንፈትነው እንችላለን። የሊዮናርዶ እናት የተጻፈችው በአብዛኛው ገንዘብ ሲቆጠር ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛም ነው። በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል። እስከ ሰባት ቤት ቁጠር ሲባልም የአባትን፣ የአያትን፣ የቅድመ አያትን ስም እየጠራን እንወጣለን፤ እናቶች በዚያ ቆጠራ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠሩም። ርስት ግን በእናትም በአባትም ይወረስ ስለነበር፣ የርስት ክርክር ያለበት ሰው የሴት አያቱን፣ የቅድመ አያቱንም ስም ከነትውልዷ ይናገር ነበር። በጎንደር ዘመን በብራና መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፉ የመሬት ሰነዶችም ብዙ ሴቶችን በባለመሬትነት ይጠሯቸዋል። እንደ ቪንቺው የግብር መዝገብ ሁሉ፣ የእናቶቻችንን ስም ያቆየልን በአብዛኛው የንብረት ጉዳይ ነው። ይህ ያለን ቅርስ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎቻችን እነዚህን ኅዳጎች በሴቶቹ ስም እየፈለጉ እንዲያነቧቸው አጥብቄ እለምናለሁ።

ከቤታችን የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ይቀላል። የእናታችሁን፣ የአያታችሁን ሙሉ ስም፣ የተወለዱበትን መንደር፣ የማን ልጅ እንደነበሩ፣ በምን ሙያ እንደኖሩ ጻፉ። በሕይወት ካሉ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ቅዱ፤ እነሱ እንደሚሉት እንጂ እናንተ እንደምታሳምሩት አትጻፉ። ሲጣሉ ያሸነፉበትን፣ ሲያጡ ያለፉበትን፣ የተበደሉትንም የበደሉትንም ያዙ። ማንም ግብር ስላልጠየቀ፣ ማንም ርስት ስላልተከራከረ ብቻ የአንዲት ሴት ዕድሜ ሳይጻፍ እንዲያልፍ መፍቀድ አይገባንም።